ርካሽ ሚኒ ኮምፒውተር ሲገዙ ገንዘቡ የት ይሂድ?

በቴሌግራም የሽያጭ ቻናሎች የሚለጠፍ የሚኒ ኮምፒውተር ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው «ኮር አይ7» ብሎ ነው። ቀጥሎ የዲስኩ መጠን ይመጣል፣ ከዚያ «ስላይትሊ ዩዝድ» የምትለው የታወቀች ማባበያ፣ በመጨረሻ ዋጋውና ስልክ ቁጥሩ። ገዢው ዕቃውን ቤት አድርሶ ሲያበራው የሚያማርረው ግን በሌላ ነገር ነው። ብሮውዘሩ ላይ ሦስት አራት ገጽ ሲከፈት ይንቀራፈፋል፣ ሞኒተሩ ላይ የሚሰካ ገመድ የለም፣ ዋይፋይ አያገኝም፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰዓትና ቀኑ ይዛባል። ከእነዚህ አንዱም ማስታወቂያው ላይ አልነበረም። ገዢውም ስላልጠየቀ ሻጩ ዋሸ አይባልም።

ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የሚውል ኮምፒውተርን ፈጣን ወይም ቀርፋፋ የሚያደርገው የፕሮሰሰሩ ስም አይደለም፤ ራሙ፣ ዲስኩ እና ፕሮሰሰሩ የተሠራበት ዘመን ናቸው። ስለዚህ ብሩ የተወሰነ ሰው ከስሙ ላይ ቀንሶ እነዚህ ላይ መጨመር አለበት፤ የተረፈውን ደግሞ ዕቃውን ከመብራት መቆራረጥ በሚጠብቁ ነገሮች ላይ ያውለው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተደረደሩት ገንዘብ ከኪስ ሳይወጣ በፊት መወሰን ከሚገባው ተነስተው ነው፤ ቅደም ተከተሉን ባይዘሉት ይመረጣል።

1. በመጀመሪያ ሚኒ ኮምፒውተር ለእርስዎ የሚሆን መሆኑን ይወስኑ

ሚኒ ኮምፒውተር ስንል ሁለት ዓይነት ዕቃ ማለታችን ነው። አንደኛው ዴል፣ ኤችፒ እና ሌኖቮ ለቢሮ የሚሠሩት፣ በጎኑ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ጠፍጣፋ ሳጥን ነው፤ እኛ ጋ በብዛት የሚገኘው ያገለገለው ነው። ሁለተኛው ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ፣ በአብዛኛው የቻይና አምራቾች የሚያወጡት አዲስ ሳጥን ነው። ሁለቱም ኢሜይል ለመላላክ፣ ወርድና ኤክሴል ለመሥራት፣ ዩቲዩብ ለማየት፣ የኦንላይን ቅጽ ለመሙላት፣ ለልጆች ጥናትና በዙም ለመገናኘት ይበቃሉ። ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ኦቶካድ ለሚሠራ ወይም ከባድ ጌም ለሚጫወት ግን አይሆኑም፤ የቪዲዮ ካርድ የሚጨመርበት ቦታ በአብዛኛው ስለሌላቸው በኋላ ላሻሽለው ማለትም አያዋጣም።

«በዚሁ ዋጋ ያገለገለ ላፕቶፕ አገኝ የለ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱም እንደ አካባቢዎ የመብራት ሁኔታ ይለያያል። ሰፈርዎ መብራት በየቀኑ ለሰዓታት የሚጠፋበት ከሆነ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ከቤት ወደ ሥራ የሚመላለስ ከሆነ፣ ላፕቶፕ ይግዙና ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ይተዉት። ዕቃው አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ሚኒው ይሻላል። በርካሽ የሚገኝ ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪው የደከመ፣ ኪቦርዱ የተበላ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ሲበላሽ ሙሉው ዕቃ አብሮ ይታመማል። በሚኒው ግን ኪቦርድ ሲበላሽ ኪቦርድ ብቻ ይቀየራል፤ ሞኒተር ሲሞት ሞኒተር ብቻ። ቀን ሙሉ አንገት ደፍቶ ትንሽ ስክሪን ከማየትም ከዓይን ትይዩ የቆመ ትልቅ ሞኒተር ማየት ለአንገት ይበጃል።

አንድ የተለመደ ስህተት እዚሁ ይነሣ። በየሱቁ «ሚኒ ፒሲ» ተብለው ከሚሸጡት ጥቂቶቹ ኮምፒውተር ሳይሆኑ አንድሮይድ የተጫነባቸው የቴሌቪዥን ቦክሶች ናቸው። ዊንዶውስ አይቀበሉም፤ ወርድም የሚከፍቱት በስልክ እንደሚከፈተው ነው። ሻጩን «ዊንዶውስ አብራልኝና ልየው» ማለት ብቻውን ነገሩን ይለያል።

2. ቤት ያለውን ይቁጠሩ

የሳጥኑ ዋጋ የኮምፒውተሩ ዋጋ አይደለም። ሞኒተር፣ ኪቦርድ፣ ማውዝ፣ ድምፅ ማውጫ፣ ካሜራና ማይክ፣ ገመድ፣ ዩፒኤስ ሲደመሩ ሳጥኑን ሊያክሉ ይችላሉ። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ያለዎትን ሞኒተር ወይም ቴሌቪዥን ዞር አድርገው ከጀርባው ያሉትን መሰኪያዎች በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ፎቶውን ይዘው ሱቅ መሄድ «ይገጥማል፣ አይገጥምም» የሚለውን ክርክር ያስቀራል።

ችግሩ በብዛት የሚነሣው ከዚህ ነው። የቆዩ ሞኒተሮች ብዙዎቹ ያላቸው ባለ 15 ቀዳዳው ቪጂኤ ብቻ ነው። የቢሮ ሚኒዎች ደግሞ ዋና መውጫቸው ዲስፕሌይፖርት ነው፤ አንዱ ጥጉ የተቆረጠ አራት ማዕዘን መሰኪያ ማለት ነው። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ቪጂኤ ወይም ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ትንሽ አዳፕተር በቀላሉ ይገኛል፤ ሥራውንም ይሠራል። ብዙዎች የሚሳሳቱት አቅጣጫው ላይ ነው። ከኮምፒውተር ዲስፕሌይፖርት ወደ ሞኒተር ኤችዲኤምአይ የተሠራ ገመድ ተገልብጦ ቢሰካ አይሠራም፤ ሰዎችም ኮምፒውተሩ የተበላሸ እየመሰላቸው ይመልሱታል።

ቴሌቪዥንን በሞኒተርነት መጠቀም ወጪ ይቀንሳል፤ ድምፁም በዚያው በኤችዲኤምአይ ገመድ ያልፋል። ጽሑፉ ደብዘዝ ካለ ወይም የምስሉ ዳር ከተቆረጠ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም፤ ቴሌቪዥኑ ምስሉን በራሱ እየለጠጠው ስለሆነ በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ የስክሪን መጠኑን ምስሉ ሳይለጠጥ እንዲታይ ወደሚያደርገው ይቀይሩት። ዋይፋይንም በስም ይጠይቁ። የቢሮ ሚኒዎች በኔትወርክ ገመድ እንዲሠሩ ታስበው ስለሚገዙ ብዙዎቹ የዋይፋይ ካርድ የላቸውም። በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ መቀበያ ርካሽ መፍትሔ ነው፤ ብቻ ሒሳቡ ውስጥ ይግባ። ውጭ አገር ካለ ቤተሰብ ጋር በቪዲዮ የሚነጋገሩ ከሆነም ሚኒ ኮምፒውተር እንደ ላፕቶፕ ካሜራ እንደሌለው አይርሱ።

3. የፕሮሰሰሩን ጄኔሬሽን ያንብቡ

ማስታወቂያው «አይ5» ወይም «አይ7» ካለ ገና ምንም አልነገረዎትም። ሙሉውን ቁጥር ይጠይቁ። ለምሳሌ አይ5-8500ቲ ቢሆን ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 8 ጄኔሬሽኑን ይነግራል፤ ቁጥሩ ባለ አምስት አሃዝ ከሆነ፣ እንደ አይ5-10400ቲ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች 10ኛ ጄኔሬሽን መሆኑን ያሳያሉ። መጨረሻ ላይ ያለው «ቲ» ደግሞ 35 ዋት ላይ እንዲሠራ የተገራ፣ ለትንሽ ሳጥን የሚስማማ ማለት ነው።

ለዚህ ገዢ ድንበሩ 8ኛ ጄኔሬሽን ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በስተቀር የሚቀበለው ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው። ከኤኤምዲ በኩል ራይዘን 2000 ከሚባለው ተርታ ጀምሮ ይቀበላል። ሁለተኛ፣ ኢንቴል በዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ የኮር ቁጥር የጨመረው በዚሁ ጄኔሬሽን ነው። የ7ኛው አይ5 አራት ኮር ሲኖረው የ8ኛው ስድስት አለው፤ የ8ኛው አይ3 እንኳ አራት ስላለው የቀደመውን አይ5 ቦታ ይዟል። ስለዚህ «አይ7 ነው» ተብሎ ከሚሸጥ 4ኛ ጄኔሬሽን ይልቅ 8ኛ ጄኔሬሽን የሆነ አይ3 ለዚህ አገልግሎት የተሻለ ግዢ ነው፤ በጥሬ ጉልበት ብዙም ባይበልጠው እንኳ ለሚቀጥሉት ዓመታት የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል።

«ዊንዶውስ 11ን በአሮጌም ላይ በአቋራጭ ይጭኑልሃል» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይጫናል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ላለው ኮምፒውተር ማሻሻያ እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም። ትልልቆቹ ዓመታዊ ማሻሻያዎች ሲመጡም አቋራጩን በእጅ መድገም ያስፈልጋል። ባንክዎን የሚከፍቱበት ኮምፒውተር ላይ ይህን ቁማር መጫወት አይመከርም። በጀቱ ከ6ኛ ወይም ከ7ኛ ጄኔሬሽን በላይ ካልደረሰ ሐቀኛው መንገድ ሊኑክስ ሚንት መጫን ነው፤ ነፃ ነው፣ በአሮጌ ዕቃ ላይ ይሮጣል፣ ብሮውዘርና ዙም ይሠሩበታል። እውነተኛው ኤክሴል የግድ የሚያስፈልገው ሰው ግን አይመቸውም።

በሱቅ ውስጥ ጄኔሬሽኑን ከሳጥኑ ስም መገመትም ይቻላል፤ አደጋው ጎረቤት ሞዴሎች መንትያ መምሰላቸው ነው። ከዴል ኦፕቲፕሌክስ 3050 ማይክሮ 6ኛና 7ኛ ጄኔሬሽን ሲይዝ 3060 ወደ 8ኛ ይሻገራል። ከሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም710ኪው ከድንበሩ ወዲህ፣ ኤም720ኪው ከድንበሩ ወዲያ ነው። በኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ደግሞ ጂ3 እና ጂ4 የሚለው ልዩነት ይኸው ነው። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ዋጋቸውም ስለሚቀራረብ ሻጭ በስህተትም ሆነ እያወቀ አንዱን በሌላው ስም ሊሸጥ ይችላል።

ከአዲሶቹ ትንንሽ ሳጥኖች በብዛት የሚታየው ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ያወጣው ኤን100 ነው። አራት ኮር አለው፤ የተመደበለት ኃይል 6 ዋት ብቻ ነው። በፍጥነት ከ6ኛ ጄኔሬሽን የዴስክቶፕ አይ5 ጋር ይቀራረባል፤ ዊንዶውስ 11ንም በሕጋዊ መንገድ ይቀበላል። ከአሮጌዎቹ የቢሮ ሚኒዎች የሚበልጥበት አንድ ነገር ኤቪ1 የተባለውን የቪዲዮ አሠራር በቺፑ መፍታቱ ነው። ዩቲዩብ በኤቪ1 የሚልከው ቪዲዮ በተመሳሳይ ጥራት ያነሰ ዳታ ይበላል፤ ጥቅል እየገዛ ለሚያይ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ወንድሞቹ ኤን95፣ ኤን97 እና ኤን150 ከእሱ ብዙም አይርቁም። ሊሸሹ የሚገባቸው ግን ሁለት ኮር ብቻ ያለው ሴለሮን ኤን4020 እና ከዚያም የባሰው አቶም ኤክስ5-ዜድ8350 ናቸው። ማሸጊያቸው አዲስ ስለሆነ ብቻ አዲስ ይመስላሉ።

ከሁለቱ የቱ? ዕቃውን በእጅ ነክተው፣ አብርተው፣ ፈትሸው የሚገዙ ከሆነ ያገለገለው 8ኛ ጄኔሬሽን የቢሮ ሚኒ ለብሩ የተሻለ ጉልበት ይሰጣል፤ አካሉም ጠንካራ ነው፣ ሲከፈትም በቀላሉ ይከፈታል። መፈተሽ የማይችሉ፣ ወይም ከሁሉም በላይ ጸጥታና አነስተኛ የመብራት ፍጆታ የሚፈልጉ ከሆነ ዋስትና ያለው አዲስ ኤን100 ይውሰዱ።

4. ብሩን ራምና ዲስክ ላይ ያውሉ

ዊንዶውስ 11 በወረቀት ላይ 4 ጊጋባይት ራም ይበቃኛል ይላል። በተግባር ዊንዶውሱ ምንም ሳይከፈትበት ከዚያ ላይ አብዛኛውን ይወስዳል። ከዚያ በላይ የሚከፈት እያንዳንዱ የብሮውዘር ገጽ፣ ቴሌግራም፣ ዙም የራሱን ድርሻ ይፈልጋል። ራም ሲያልቅ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ዲስክ ላይ እየጻፈ መልሶ ያነባል፤ «ሃንግ አደረገ» የምንለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። በዚህ ጊዜ አይ7 መሆኑ ምንም አይፈይድም፤ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነውና። ስለዚህ 8 ጊጋባይት ዝቅተኛው ልክ ነው፤ 16 ካገኙ ደግሞ ለዓመታት አያስቡበትም።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ። ራሙ ይወጣል ወይስ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው? የቢሮ ሚኒዎች የሚጠቀሙት የላፕቶፑን አጭር ዲዲአር4 ራም ነው፤ ሁለት ማስገቢያ አላቸው፤ ነገ መጨመር ይቻላል። ከአዲሶቹ ርካሽ ሳጥኖች ጥቂቶቹ ግን ራማቸው የተበየደ ስለሆነ ዛሬ በ8 ከገዙ ዕድሜውን ሙሉ 8 ነው። ሁለተኛው ጥያቄ 8 ጊጋባይቱ በአንድ ነው ወይስ በሁለት 4 የተሞላ? ለማሳደግ የሚያስብ ሰው አንድ ማስገቢያ ባዶ ሆኖ ቢያገኘው ይሻለዋል፤ አለበለዚያ ሁለቱን 4 አውጥቶ በማይረባ ዋጋ መሸጥ ይመጣል። አዲስ ራም ሲገዙ ረጅሙን የዴስክቶፕ ራም ይዘው እንዳይመለሱ ይጠንቀቁ፤ አይገባም።

በዲስክ በኩል የሚሸጠው ቁጥር ነው። «1 ቴራ» ሲባል ዓይን ይስባል፤ የሚሽከረከር አሮጌ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ግን ዊንዶውስ 11 እስኪነሣበት ቡና ሊፈላ ይችላል። 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ከ1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ለዚህ አገልግሎት ይሻላል፤ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ከሚደረጉ ለውጦች ሁሉ ልዩነቱ ወዲያው የሚታየውም ይኸኛው ነው። «ፎቶና ፊልም የት ላስቀምጥ?» ለሚል፣ ብዙዎቹ የቢሮ ሚኒዎች ከትንሿ ኤስኤስዲ በተጨማሪ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ የሚገባበት ቦታ አላቸው። ዊንዶውሱ ፈጣኑ ላይ፣ ፊልሙ ቀርፋፋው ላይ ይቀመጣል።

«64 ጊጋባይት ኢኤምኤምሲ» ተብሎ የተጻፈበትን ግን ይለፉት። ኢኤምኤምሲ ቦርዱ ላይ የተበየደ፣ ከኤስኤስዲ የዘገየ ማከማቻ ነው። 64ቱ ጊጋባይት ዊንዶውሱና ማሻሻያዎቹ ሲገቡበት በፍጥነት ይሞላል፤ ማከማቻው የሞላ ኮምፒውተር ደግሞ ማሻሻያ መቀበል ያቆማል። ከኤስኤስዲዎች መካከል ኤንቪኤምኢ እና ሳታ የሚባሉትን በተመለከተ የሚደረገው ክርክር ለተራ ተጠቃሚ ብዙ ትርጉም የለውም፤ ርካሹን ይውሰዱ። ከመግዛትዎ በፊት ግን ሳጥኑ የትኛውን እንደሚቀበል ያረጋግጡ።

5. ቻርጀሩንና መብራቱን አይናቁ

ሚኒ ኮምፒውተር ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። ጥቅሙ ደግሞ የሚወስደው ኃይል ትንሽ መሆኑ ነው። ቀላል ሥራ ላይ ያለ ሚኒ ከ10 እስከ 20 ዋት አካባቢ ይበላል፤ ባለ ኤልኢዲ ሞኒተር ተጨምሮበት እንኳ ከአንድ የድሮ አምፖል አይበልጥም። ስለዚህ ትልቁን ኮምፒውተር ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚያቆየው አነስተኛ 650 ቪኤ ዩፒኤስ፣ ባትሪው ደኅና ከሆነ፣ ሚኒውንና ሞኒተሩን ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊይዝ ይችላል። ከአይ3 ወደ አይ7 ለመውጣት የሚጠየቀው ጭማሪ እዚህ ቢውል ይሻላል።

ያገለገለ ሚኒ ሲገዙ የራሱ ቻርጀር አብሮ መኖሩን አጥብቀው ይጠይቁ። የዴልና የኤችፒዎቹ 19.5 ቮልት፣ የሌኖቮዎቹ አራት ማዕዘን ቢጫ ጫፍ ያለው 20 ቮልት ነው፤ ከኤን100ዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ 12 ቮልት ናቸው። ጫፉ ስለገባ ብቻ ቻርጀሩ የእሱ ነው ማለት አይደለም። የ19 ቮልቱን 12 ቮልት ለሚፈልግ ሳጥን መሰካት ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። ዴል ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ቻርጀሩን በመሃሉ ባለች ቀጭን መርፌ አማካይነት ይለየዋል፤ ካላወቀው ማስጠንቀቂያ ያሳይና ፕሮሰሰሩን ያዘገያል። ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ ግን ይሳባል፤ ባለቤቱም ራም ሲጨምር፣ ፎርማት ሲያስደርግ ይከርማል።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣልዎ ከሆነ የቻርጀሩን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክ ያድርጉ። «100-240» የሚል ካለበት የእኛን 220 ቮልት ያለ ትራንስፎርመር ይቀበላል። ጠፍጣፋ ጥርሱን ለማስገባት በየሶኬቱ እየላላ የሚፈነጥቅ መቀየሪያ ከመጠቀም ይልቅ ከቻርጀሩ እስከ ሶኬት ያለውን ገመድ ብቻ እዚህ ገዝቶ መቀየር ይሻላል፤ መደበኛ ገመድ ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል።

6. ሳይከፍሉ በፊት ይፈትሹ

ሱቅ ውስጥ ሩብ ሰዓት ይጠይቁ። የማይሰጥ ሻጭ ላይ ገንዘብ አይጣልም። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከጠፋበት አብርተው ወደ ባዮስ ይግቡ፦ በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10፣ በሌኖቮ ኤፍ1 ደጋግሞ በመጫን ነው። ፓስዎርድ ከጠየቀ አይግዙ። እነዚህ ሳጥኖች ከድርጅት ቢሮዎች የወጡ ስለሆኑ የቀድሞው ባለቤት የቆለፋቸው ያጋጥማሉ፤ የባዮስ ቁልፍ ደግሞ ዊንዶውስ ፎርማት በማድረግ አይፈታም። እዚያው ላይ ቀኑን ይመልከቱ። ከብዙ ዓመት ወደ ኋላ ከተመለሰ ቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል ጠፍጣፋ ባትሪ ሞታለች ማለት ነው። ይህ ዕቃውን የሚያስጥል ጉድለት አይደለም፤ ባትሪዋ ርካሽ ናት። ካልተቀየረች ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ይዛባል፤ ቀኑ የተዛባ ኮምፒውተር ላይ ብሮውዘሩ የባንክም ሆነ የኢሜይል ገጽ «ደኅንነቱ ያልተጠበቀ» እያለ አልከፍትም ይላል። ሰዎች ይህን ቫይረስ ነው ይሉታል።

ወደ ዊንዶውስ ሲገቡ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም፣ የራሙ መጠንና ስንት ማስገቢያ እንደተያዘ፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆን አለመሆኑ ይታያል። የዲስኩን ጤንነት ለማየት ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘው ይሂዱ። ብዙ ሺህ ሰዓት መሥራቱ አያስደንግጥዎ፤ የቢሮ ዕቃ ቀን ሙሉ በርቶ ነው የሚውለው። የሚያሳስበው የጤንነቱ መቶኛ ዝቅ ማለቱ ወይም «ኮሽን» የሚል ቢጫ ምልክት ነው። ከዚያ የዩኤስቢ መሰኪያዎቹን አንድ በአንድ በፍላሹ ይሞክሩ፤ አንድ ቪዲዮ በሙሉ ስክሪን ክፍት አድርገው አሥር ደቂቃ ያህል ይተዉት። ሳጥኑ መሞቁ ያለ ነው። ማራገቢያው መንኳኳት ከጀመረ ወይም ምስሉ መቆራረጥ ካመጣ ግን ውስጡ በአቧራ ተሞልቷል፤ ወይ ጽዳቱ በሻጩ ይሁን ወይ ዋጋው ይቀነስ።

የመጨረሻው ፍተሻ ጊዜ ቢወስድም የሚያዋጣ ነው። ሻጩ ዊንዶውሱን በፊትዎ ሪሴት ያድርገው፤ መጀመሪያ ሲነሣም ኢንተርኔት ያገናኙት። የአንድ ድርጅት ስም ጠቅሶ የድርጅቱን ኢሜይል ከጠየቀ ዕቃው ገና ከዚያ ድርጅት መዝገብ አልወጣም ማለት ነው። ዛሬ ያለ ኢንተርኔት ቢታለፍ እንኳ ነገ ሪሴት ሲደረግ ተመልሶ ይመጣል።

7. ቤት ከገባ በኋላ

አዲስ ከማሸጊያ የወጣውንም ሆነ ያገለገለውን ዊንዶውስ እንዳለ አይጠቀሙበት። ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም የተገኘባቸው ርካሽ ሚኒዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ተጋልጠዋል። ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የወረደ ንጹሕ ዊንዶውስ በፍላሽ ይጫኑ። ብዙውን ጊዜ የኮምፒውተሩ ፈቃድ ከቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ዓይነቱ ተመሳሳይ ከሆነ፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ ይመለሳል። የአማርኛ ኪቦርድ ከቋንቋ ሴቲንግ ውስጥ ይጨመራል። ከሌላ ሰው የመጣ የአማርኛ ፋይል ቅርጹ የተለወጠ ከመሰለዎ ምናልባት የተጻፈው በኒያላ ፊደል ነው፤ ኒያላ በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ለብቻው የሚወርድ ሆኗል፣ ከኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ ይገኛል።

ባዮስ ውስጥ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ የሚል ምርጫ አለ። በሌላ አገር የሚጻፉ መመሪያዎች በራሱ እንዲበራ አድርጉት ይላሉ። እኛ ጋ መብራት ሲመጣ አንዳንዴ ደጋግሞ እየበራ ስለሚጠፋ «ጠፍቶ ይቆይ» የሚለው ይሻላል። ሳጥኑን ከመጋረጃ ጀርባ ወይም ከተዘጋ መሳቢያ ውስጥ አያስቀምጡት፤ አየር ማስወጫው ካልተከፈተ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከሙቀት ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆን ብለው ያስቸግሩት፦ ዙም፣ ዩቲዩብና ወርድ አንድ ላይ ይክፈቱ፤ ሌሊት ስሊፕ ላይ አድርገው ጠዋት ያስነሡት፤ አንድ ሌሊት ደግሞ ከሶኬት ነቅለው አሳድረው ቀኑን ይመልከቱ። ጉድለት ካለበት ሻጩ በደረሰኙ ላይ የጻፈው የመመለሻ ቀን ሳያልፍ ይታይ፤ ደረሰኙ ላይ ቀን ካልተጻፈ ከመክፈልዎ በፊት ያስጽፉ።